በኪሮሽ ስስ የዳንቴል ሻርፕ፦ ከ4 ሰንሰለት እስከ 51 ማራገቢያ

የሶፋና የጠረጴዛ ዳንቴል የሠራ እጅ ለሻርፕ የሚያስፈልገውን ሁሉ ያውቃል። ሰንሰለቱም ቋሚውም ያው ነው። ልዩነቱ ሁለት ቦታ ላይ ይመጣል። የጠረጴዛ ዳንቴል ተዘርግቶ ይኖራል፤ ሻርፕ ግን ከትከሻ መውረድ፣ መታጠፍ፣ በነፋስ መንቀሳቀስ አለበት፤ ስለዚህ ለጠረጴዛው ዳንቴል የሚመሰገነው ጥብቅ እጅ እዚህ ጉዳት ነው። ሁለተኛው ልዩነት ትዕግሥት የሚፈትነው ነው፦ ባለ ሦስት ማዕዘን ሻርፕ ከአንገት ተነሥቶ እየሰፋ ስለሚወርድ 10ኛው ረድፍ አምስት ደቂቃ ያህል ሲፈጅ 77ኛው ከግማሽ ሰዓት በላይ ይበላል። ተጀምሮ በፌስታል ውስጥ የሚቀረው ሻርፕ በአብዛኛው እዚህ መሃል ላይ የቆመ ነው። በዚያ ላይ ሥራው እስኪታጠብና እስኪወጠር ድረስ የተጨማደደ ጨርቅ ይመስላል እንጂ ዳንቴልነቱ አይታይም።

ኪሮሽን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዓለም የታወቁት ስስ ሻርፖች በሁለት መርፌ የሚሠሩ ናቸው፦ በሼትላንድ ደሴቶች፣ በተለይ በኡንስት የሚሠራውና በጋብቻ ቀለበት ውስጥ ተስቦ የሚያልፈው የሱፍ ሻርፕ፣ የኢስቶኒያው የሃፕሳሉ፣ የሩሲያው የኦረንበርግ የፍየል ለስላሳ ጸጉር። በመርፌ ሥራ ግን የረድፉ ቀለበቶች ሁሉ መርፌው ላይ ክፍት ሆነው ይጠብቃሉ፤ አንዱ ካመለጠ እስከ ታች ይተረተራል። በኪሮሽ ክፍት የሆነው ቀለበት አንድ ብቻ ነው። ልጅ ቢጎትተው፣ ድመት ብትጫወትበት፣ የሚጠፋው ጥቂት ቋሚ ነው። ሱፍ ደግሞ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ከሚያወጣው ከደንገጎ ዳገት በላይ፣ ለሐረር ምሽት ይሆናል፤ በድሬዳዋ ግንቦትና ሰኔ የሚለብሰው የለም። ለሁለቱም ከተማ የሚሆነው ጥጥ ነው፤ ብል አይበላውም፣ ላብ ይመጥጣል፣ ሲወጠር የተሰጠውን ቅርጽ ይይዛል።

ክርና ኪሮሽ

ክሩ ቁጥር 10 የጥጥ የዳንቴል ክር ይሁን። ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል፤ 20 ከ10 የቀጠነ ነው። የቁጥር 10 ባለ 50 ግራም ጥቅል ከ260 እስከ 280 ሜትር ያህል አለው። ለዚህ ሻርፕ 700 ሜትር ገደማ ይበቃል፤ ይህ 3 ጥቅል ነው፣ እናንተ ግን 4 ግዙ። ጥቅሉ ላይ ያለው ወረቀት ከቀለሙ ቁጥር ሌላ የተቀለመበትን ዙር ቁጥር ይይዛል፤ አራቱም ላይ አንድ መሆኑን እዩ። ነጭ እንኳ ከነጭ ይለያያል፣ ልዩነቱም ሱቅ ውስጥ አይታወቅም። ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ገዛችሁ ታይዋን፣ ወይም ሐረር ሸዋ በር ገበያ፣ ጥቅሎቹን ወደ ደጅ አውጥታችሁ በቀን ብርሃን ጎን ለጎን አስተያዩ። በኋላ አንድ ጥቅል ፍለጋ ተመልሶ መሄድ ያንኑ ክር አያስገኝም።

ሻጭ ሁሉንም ክር ጥጥ ነው ይላል። አንድ ጣት የሚያህል ቆርጣችሁ አቃጥሉ፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ወደ ልስልስ አመድ ይለወጣል፣ ሰው ሠራሽ ክር ይቀልጥና ጠጣር ፍሬ ይሆናል። ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ሻርፕ ውሃ ነክሮ መወጠር አያስተካክለውም፤ ሲደርቅ ተመልሶ ይሰበሰባል። ባለ ቀለም ከሆነ ደግሞ ክሩን አርጥባችሁ በነጭ ጨርቅ ፈትጉት። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ብዙ ጊዜ ይለቃሉ፤ የሚለቅ ክር ከነጭ ጋር አይቀላቀልም።

ለጠረጴዛ ዳንቴል በዚህ ክር 1.25 ወይም 1.5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ይያዛል። ለሻርፕ 2 ሚሊ ሜትር ያዙ። እጃችሁ የሚጠብቅ ከሆነ 2.25 ይሻላል። የኪሮሹ ቁጥር ተፍቆ ከጠፋም አትጨነቁ፤ ከ10 ረድፍ በኋላ የሚደረገው ልኬት ይነግራችኋል። የበለጠ የሚያስቸግረው የኪሮሹ ከንፈር ነው። በናይሎን ካልሲ ላይ ስትጎትቱት ከያዘ ክሩንም ይሰነጥቃል፤ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ጊዜ አሻሹት።

አሠራሩ

ስማቸው ከሠፈር ሠፈር ስለሚለያይ እዚህ የምንጠቀምባቸውን እንለይ። ቋሚ የምንለው ክሩን ኪሮሹ ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥመን፣ ገብተን ክር አውጥተን፣ ሁለት ሁለቱን በሁለት ጊዜ የምንጨርሰውን ነው። አጭር ሳይጠመጠም ገብቶ፣ ክር ወጥቶ፣ ሁለቱ ቀለበት ባንዴ የሚያልቅ። ማያያዣ ገብቶ የወጣው ክር በያዝነው ቀለበት ውስጥ በቀጥታ የሚያልፍ። በሁለት ቋሚዎች መካከል 2 ሰንሰለት ሲኖር መስኮት ይሆናል፤ ሻርፑ በሙሉ መስኮት ነው።

መነሻ፦ 4 ሰንሰለት ሠርታችሁ በማያያዣ ክብ አድርጉት።

1ኛ ረድፍ፦ 6 ሰንሰለት (4ቱ እንደ መጀመሪያ ቋሚ፣ 2ቱ እንደ ክፍተት ይቆጠራሉ)። ክቡ ውስጥ 1 ቋሚ፣ 3 ሰንሰለት፣ 1 ቋሚ፣ 2 ሰንሰለት፣ 1 ቋሚ። ባለ 3 ሰንሰለቱ ክፍተት የሻርፑ መሃል ነው፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ሁለቱን ክንፎች የሚለየው እሱ ነው። ቀለም ያለው ቁራጭ ክር እሰሩበት።

2ኛ ረድፍ፦ ገልብጡ። 6 ሰንሰለት፣ እዚያው መነሻው ቋሚ ራስ ላይ 1 ቋሚ። 2 ሰንሰለት፣ ቀጣዩ ቋሚ ላይ 1 ቋሚ። 2 ሰንሰለት፣ የመሃሉ ክፍተት ውስጥ 1 ቋሚ፣ 3 ሰንሰለት፣ 1 ቋሚ። 2 ሰንሰለት፣ ቀጣዩ ቋሚ ላይ 1 ቋሚ። 2 ሰንሰለት፣ ከታችኛው ረድፍ መነሻ ሰንሰለቶች 4ኛው ላይ 1 ቋሚ፣ 2 ሰንሰለት፣ እዚያው ላይ ሌላ 1 ቋሚ።

ከ3ኛው እስከ 77ኛው ረድፍ ይኸው ነው። ጠርዝ ላይ አንድ ቦታ ሁለት ቋሚ፣ በመንገዱ ላይ ቋሚ በቋሚ ራስ እየገባ በየመካከሉ 2 ሰንሰለት፣ መሃል ላይ ቋሚ፣ 3 ሰንሰለት፣ ቋሚ፣ ከዚያ ሌላኛው ክንፍ፣ መጨረሻ ላይ እንደገና አንድ ቦታ ሁለት ቋሚ። መነሻውን 6 ሰንሰለት እንደ ቋሚ ቆጥራችሁ የረድፉ ቋሚዎች ብዛት ሁልጊዜ የረድፉ ቁጥር አራት እጥፍ ነው። 10ኛው ረድፍ 40፣ 25ኛው 100፣ 77ኛው 308። ግማሹ በአንዱ ክንፍ፣ ግማሹ በሌላው።

ይህችን ስሌት ከሌላው ሁሉ በላይ ያዙ። እስከ 20ኛው ረድፍ በየረድፉ፣ ከዚያ በኋላ ቢያንስ በየአምስት ረድፉ ቁጠሩ። በአሥር ቋሚ በአሥር ቋሚ ቁራጭ ክር መጣል ቆጠራውን ያቀልላል።

ባዶ መስኮት ብቻ የሚሰለቻችሁ ከሆነ አንዳንዱን መድፈን ይቻላል፤ በ2 ሰንሰለት ፈንታ መስኮቱ ውስጥ 2 ቋሚ ይገባል። የሐረሪ ሰፌድና ሞሶብ ላይ ያሉት የሦስት ማዕዘንና የአልማዝ ቅርጾች ለዚህ የተመቹ ናቸው፤ በካሬ ወረቀት ላይ ገልብጦ መከተል ነው። ግን ሁለት ነገር አስቡ። የተደፈነ መስኮት ከባዶው እጥፍ ሊደርስ ጥቂት የሚቀረው ክር ይበላል፣ ሻርፑንም ያከብደዋል፤ ከአምስት መስኮት ከአንድ በላይ ከደፈናችሁ ስስነቱ ይጠፋል። በቆጠራ ጊዜ ደግሞ መድፈኛዎቹን ሁለት ቋሚዎች አትቁጠሩ፤ አራት እጥፍ የሚሆነው የመስኮቶቹ ድንበር ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ሻርፕ ባዶውን እንመክራለን። ስትጨርሱት ደሃ አይመስልም።

10ኛው ረድፍ ላይ ቁሙ

የሙከራ ቁራጭ ለብቻ መሥራት አያስፈልግም፤ የመጀመሪያዎቹ 10 ረድፎች ሙከራ ናቸው። አርጥቡት፣ ፎጣ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ በስፒል ወጥሩት፣ ይድረቅ። ከመነሻው ክብ እስከ መሃሉ ሹል ጫፍ ለኩ፤ 11 ሴንቲ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት። ከ10 ካነሰ እጃችሁ ጠብቋል፣ ኪሮሹን በሩብ ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጉ። ከ13 ካለፈ መረቡ ልቅ ነው፣ ትከሻ ላይ ቅርጽ አይይዝም።

ሁለተኛው ልኬት የበለጠ ጠቃሚ ነው። ከመነሻው ክብ እስከ ግራው ጫፍ፣ ከክቡ እስከ ቀኙ ጫፍ፣ ከክቡ እስከ ታችኛው ሹል፣ ሦስቱም እኩል መሆን አለባቸው። የላይኛው ጠርዝ አጥሮ ወደ ውስጥ ከጎበጠ ጥፋቱ የመነሻው 6 ሰንሰለት መጥበቁ ነው። 7 አድርጉት፤ በዚያን ጊዜ የሚቀጥለው ረድፍ የመጨረሻ ቋሚ 5ኛው ሰንሰለት ላይ ይገባል። አሁን ካልታረመ 77ኛው ረድፍ ላይ የሚወጣው ሻርፕ አንገት ላይ የሚጎትት፣ ከታች የሚንጨባረር ይሆናል፤ ውጥረትም አያድነውም። የላይኛው ጠርዝ ረዝሞ ከተጠማዘዘ ደግሞ በተቃራኒው 5 አድርጉት፣ የመጨረሻውን ቋሚ 3ኛው ላይ አስገቡ።

የሚበላሸው የት ነው

በጣም የተለመደው ስህተት የረድፉን የመጨረሻ ቋሚ መርሳት ነው። መነሻው 6 ሰንሰለት ቋሚ ስለማይመስል ዓይን ይዘለዋል፤ ከእሱ በፊት ያለው ቋሚ ላይ ሁለቱን ሠርታችሁ ትገለብጣላችሁ። ቆጠራው በአንድ ይጎድላል፣ አንዱ ክንፍ ከሌላው ይቀጥናል። ረድፉን ስትጀምሩ 4ኛው ሰንሰለት ላይ ወዲያው ቁራጭ ክር ብታስሩ ተመልሳችሁ ስትመጡ ቦታውን ያሳያችኋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የመሃሉን ክፍተት ማለፍ ነው። ወሬ ላይ ሆኖ ወይም ቴሌቪዥን እያዩ ሲሠራ መሃሉ ላይ ቋሚ፣ 3 ሰንሰለት፣ ቋሚ በማድረግ ፈንታ እንደ ማንኛውም መስኮት ይታለፋል። ቆጠራው በሁለት ይጎድላል። ይህ ስህተት ቸል አይባልም፤ የመሃሉ መስመር ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ ስለሚታይ ሻርፑን ያየ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ቋሚውን በቋሚ ራስ ፈንታ መስኮቱ ውስጥ ማስገባት ሦስተኛው ነው። መስመሮቹ ይሰበራሉ። አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ይታያል ግን ሻርፑን አያጣምመውም።

ታዲያ ምኑ ይተርተር፣ ምኑ ይተው? በ2 ሰንሰለት ፈንታ 1 ወይም 3 የሆነ መስኮት ይተው፤ ሲወጠር ማንም አያገኘውም። አንድ የተሳሳተ ቋሚ ከምትሠሩበት 30 ረድፍ ያህል ወደ ታች ወርዶ ብታዩት ይተው። ቆጠራውን የሚቀይር ስህተት ግን ቢመርም ይተርተር፣ ምክንያቱም በየረድፉ እየሰፋ እንጂ እየጠበበ አይሄድም። ከመርፌ ሥራ በተለየ በኪሮሽ አንዷን አምድ ብቻ ወደ ታች ለቅቆ ማረም አይቻልም፤ ስህተቱ ድረስ ያለው ረድፍ ሁሉ መፈታት አለበት። ለዚህ ነው ከመገልበጣችሁ በፊት የሠራችሁትን ረድፍ በዓይን መጥረግ የሚገባው።

የተተረተረ ክር ይጠመዘዛል፣ ይሻክራል። አንድ ጊዜ የተተረተረውን መልሶ መሥራት ችግር የለውም። ሁለት ሦስቴ የተመላለሰውን ቆርጣችሁ ጣሉ፤ የሻከረ ክር ውስጥ ኪሮሹ ይይዛል፣ ከጎኑ ካለውም ደብዝዞ ይታያል።

አዲስ ጥቅል ሲቀጠል ቋጠሮ አይደረግም። መረብ ውስጥ ቋጠሮ የሚደበቅበት ቦታ የለም፣ የሚያብረቀርቀው የጥጥ ክር ደግሞ ስለሚያንሸራትት ቋጠሮው ሲታጠብ ይፈታል። አሮጌው ክር 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲቀረው፣ የአንዱን ቋሚ የመጨረሻ ሁለት ቀለበቶች በአዲሱ ክር ጨርሱ። ሁለቱንም ጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ትታችሁ ቀጥሉ። ሻርፑ ታጥቦ ከተወጠረ በኋላ ጫፎቹን በስፌት መርፌ በቋሚዎቹ ሆድ ውስጥ ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ ተመልሶ ወደ ላይ አሳልፉና ቁረጡ። ከመወጠሩ በፊት ከተደበቁ ውጥረቱ ስቦ ያወጣቸዋል። ከፋብሪካ ቋጠሮ ያለበት ጥቅልም ይገጥማል፤ ቋጠሮው ጋ ስትደርሱ ቆርጣችሁ በዚሁ መንገድ ቀጥሉት።

ላብ፣ አቧራና ሂና

ነጭ ክር ድሬዳዋ ውስጥ የሚበላሸው ከሚሠራው እጅ ነው። ላብ ክሩን ጣት ላይ ያጣብቀዋል፣ የሚያልፈው ክር ይጠብቃል፣ ከቀትር በኋላ የተሠራው ክፍል ከጠዋቱ ይጠባል። በአንድ ሻርፕ ላይ የመስኮቶቹ መጠን ወጣ ገባ ከሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። ጠዋት ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሥሩ፣ እጅ ታጥባችሁ አድርቁ፣ ቅባት ተቀብታችሁ አትንኩት። ቬንቲሌተር ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ይሁን፤ ፊት ለፊት ሲሆን ክሩን ያወዛውዛል፣ አቧራም ያመጣል። ጥቅሉ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይቀመጥ፣ የተሠራው ክፍል በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጭን ላይ ይሁን፤ የሚወጣው የምትሠሩበት ረድፍ ብቻ ነው።

አዲስ ሂና የተቀባ ጣት ነጭ ክር ያቀልማል፣ በማንኛውም ሳሙና አይለቅም። ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን እጅ ደጋግሞ ከታጠበ በኋላ ብቻ ንኩት። የጫት ቅጠል የነካ ጣትም እንዲሁ አረንጓዴውን ይተዋል። ሠርግ ሲቃረብ የሚጀመር ሻርፕ በዚህ ይበላሻልና ሂናው ከመቀባቱ በፊት ጨርሱት።

ግማሹ 55ኛው ረድፍ ላይ ነው

77 ረድፍ ያለው ሥራ ግማሹ 38 ወይም 39 ላይ ይመስላል። አይደለም። በየረድፉ 4 ቋሚ ስለሚጨመር 39ኛው ረድፍ ላይ የተሠራው ከአራት አንድ እጅ ገደማ ነው፤ ግማሹ የሚሞላው 55ኛው አካባቢ ነው። በክር ሲታይ የበለጠ ግልጽ ይሆናል። አንድ መስኮት 5.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ክር ቢወስድ፣ የመጀመሪያው ጥቅል እስከ 50ኛው ረድፍ ያደርሳችኋል፤ ሁለተኛው እስከ 70ኛው ብቻ፤ ከሦስተኛው ላይ የቀሩት 7 ረድፎች ከ110 ሜትር በላይ ይወስዳሉ፣ ጠርዙ ሌላ 40 ሜትር ያህል። ሁለተኛው ጥቅል በፍጥነት ሲያልቅ የተበላሸ ነገር ያለ ይመስላችኋል፤ ምንም አልተበላሸም።

በቅመማ ቅመም ሚዛን ይህን መቆጣጠር ይቻላል። 39ኛውን ረድፍ ስትጨርሱ ሻርፑን መዝኑ፤ ያን በአራት አባዙና ለጠርዙ 10 ግራም ጨምሩ። ካላችሁ ክር ከበለጠ አሁኑኑ ወስኑ። ሻርፑን ማሳጠር ትችላላችሁ፣ ግን በማንኛውም ረድፍ ላይ አይቆምም፤ ከታች የሚመጣው ጠርዝ የሚገጥመው በ62፣ 65፣ 68፣ 71፣ 74፣ 77 ወይም 80 ረድፍ ላይ ነው፣ ማለትም በየሦስት ረድፉ። 62 ረድፍ ላይ ያለቀ ለቀጭን ልጅ ትከሻ ያምራል።

ለሚሸጡ ሰዎች፦ ሥራው በአጠቃላይ 11,800 ያህል መስኮት ነው። በደቂቃ 8 መስኮት የሚሠራ እጅ ወደ 25 ሰዓት ይፈልጋል፣ ጠርዝና ውጥረት ሳይጨመር። ዋጋ ስትተምኑ ከዚህ ተነሡ። በክሩ ዋጋ ላይ ትንሽ ጨምሮ መሸጥ ድካሙን በነጻ መስጠት ነው፣ ገዢውም የፋብሪካ ሻርፕ ዋጋ ይለምድባችኋል።

ጠርዙ

77ኛው ረድፍ ሲያልቅ ገልብጡ። 1 ሰንሰለት፣ የመጀመሪያው ቋሚ ላይ 1 አጭር። ከዚያ 9 ሰንሰለት፣ 2 ቋሚ ዝለሉ፣ ቀጣዩ ላይ 1 አጭር፤ ይህ አንድ ቅስት ነው። በአንዱ ክንፍ 51 ቅስት ይሆናል፣ የመጨረሻው አጭርም ልክ ከመሃሉ ክፍተት በፊት ያለው ቋሚ ላይ ያርፋል። ካላረፈ ቆጠራ ጎድሏል። መሃሉን በ9 ሰንሰለት ተሻገሩ፣ ከክፍተቱ ማዶ ያለው ቋሚ ላይ 1 አጭር፣ ሌላውን ክንፍ እንዲሁ ሥሩ። ጠቅላላው 103 ቅስት ነው።

ገልብጡ። በመጀመሪያው ቅስት ሰንሰለቶች ላይ በማያያዣ እስከ 5ኛው ሂዱ፣ ቅስቱ ውስጥ 1 አጭር። አሁን 3 ሰንሰለት፣ ቀጣዩ ቅስት ውስጥ በየመካከላቸው 2 ሰንሰለት ያላቸው 7 ቋሚ፣ 3 ሰንሰለት፣ ከእሱ ቀጥሎ ባለው ቅስት ውስጥ 1 አጭር። ይህ አንድ ማራገቢያ ነው። እንዲህ እያፈራረቃችሁ ሂዱ። 51 ማራገቢያ ይወጣል፤ 26ኛው በትክክል በሻርፑ ሹል ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ ረድፉም በአጭር ይዘጋል። ማራገቢያዎቹ ጫፍ እንዲኖራቸው ከፈለጋችሁ 4ኛው ቋሚ ራስ ላይ 3 ሰንሰለት ሠርታችሁ ወደዚያው ራስ በማያያዣ መልሱት። በእኛ አስተያየት ያምራል፤ ግን በጆሮ ጌጥና በአንባር ይያዛል፣ ለዘወትር ልብስ ቢቀር ይሻላል።

ማጠብና መወጠር

እዚህ ድረስ ያለው ነገር የተጨማደደ፣ ጠርዙ የተንጨባረረ፣ ከተጠበቀው ያነሰ ጨርቅ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። ለብ ባለ ውሃ ለስላሳ ሳሙና አሟሙታችሁ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት። በረኪና አይግባ፤ የጥጡን ክር ያደክማል፣ ስስ ክር ላይ ጉዳቱ ቶሎ ይወጣል። የድሬዳዋ ውሃ ኖራ ስለሚበዛበት ሳሙናው ሙሉ በሙሉ አይለቅም፣ ክሩም ደርቆ ይሻክራል። በመጨረሻው ማለቅለቂያ 5 ሊትር ውሃ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ነጭ ኮምጣጤ ጨምሩ፤ ሽታው ሲደርቅ ይጠፋል።

አትጭመቁት። ከውሃው በሁለት እጅ ደግፋችሁ አውጡ፣ አንድ ጫፉን ይዞ ማንጠልጠል በራሱ ክብደት ይስበዋል። ወፍራም ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ አብራችሁ ጠቅልሉና ተጫኑት።

የሚወጠርበት ቦታ 2 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ወርድ ይፈልጋል። የስፖንጅ ፍራሽ ንጹሕ አንሶላ ለብሶ በቂ ነው። ስፒሎቹ የማይዝጉ መሆን አለባቸው፤ አንድ የዛገ ስፒል የሚተወው ቡናማ ነጥብ አይለቅም፣ ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ ሰክታችሁ ሞክሯቸው። 70 ያህል ያስፈልጋሉ።

ከላይኛው ጠርዝ ጀምሩ። ረጅም ጠንካራ ክር በጠርዙ መስኮቶች ውስጥ አሳልፋችሁ ሁለቱን ጫፍ ወጥሩ፤ ቀጥ ያለ መስመር የሚሰጠው ይህ ክር ነው፣ ስፒል በስፒል ብትሄዱ ጥርስ ጥርስ ይሆናል። ከዚያ የመሃሉን ሹል ወደ ታች ስባችሁ ትከሉ። ከላይኛው ጠርዝ መሃል እስከ ሹሉ 90 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ የላይኛው ጠርዝ 180 አካባቢ ይሆናል። ቀጥሎ በየማራገቢያው መሃል አንድ ስፒል፤ ከሹሉ ተነሥታችሁ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እያላችሁ። ከአንድ ወገን ብቻ ከሄዳችሁ መሃሉ ይዞራል። የመጀመሪያው ዙር ልቅ ይሁን፣ በሁለተኛው ዙር እያንዳንዱን ነቅላችሁ ክሩ ጥብቅ እስኪል ሳቡ። መስኮቶቹ አራት ማዕዘን የሚሆኑት በዚህ ሁለተኛ ዙር ነው።

ድሬዳዋ ላይ ስፒል ተክላችሁ ሳትጨርሱ አንዱ ወገን ይደርቃል። የውሃ መርጫ አጠገባችሁ ይኑር፣ የደረቀውን እያራሳችሁ ቀጥሉ፤ ደረቅ ክር ሲወጠር ቅርጽ አይይዝም፣ ሊበጠስም ይችላል። ጥላ ውስጥ በጥቂት ሰዓት ይደርቃል። ሐረር ላይ እስከ ማግስቱ ተዉት። ከነካችሁት ላይ ቅዝቃዜ ከተሰማ ገና አልደረቀም፣ ቶሎ የተነቀለ ሻርፕ ተመልሶ ይሰበሰባል።

የጠረጴዛ ዳንቴል በስኳር ውሃ ወይም በስታርች እንዲጠነክር ይደረጋል፤ ሻርፕ ላይ ይህ አይሞከርም። ይንጫጫል፣ አንገት ይቧጥጣል፣ ስኳሩም ጉንዳን ይጠራል። ብረት ምጣድ የመሰለ የጋለ ካውያም አያስፈልገውም፤ ካውያ የቋሚዎቹን ክብነት ይደፈጥጠዋል።

ሲቀመጥ ይታጠፍ እንጂ ማንጠልጠያ ላይ አይሰቀል፤ መረብ በራሱ ክብደት ይረዝማል። ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ እንደገና መወጠር አለበት፣ ለዚያ ግን ሹሉን፣ ሁለቱን ጫፎችና በየአራት ማራገቢያው አንድ ስፒል ብቻ መትከል ይበቃል። አንድ ቋሚ ከተበጠሰ ሳትውሉ ሳታድሩ ከላይና ከታች ያሉትን ክፍት ቀለበቶች በቀጭን ክር ያዟቸው፣ ከዚያ ከተረፈው አራተኛ ጥቅል ቆርጣችሁ የቋሚውን መንገድ በስፌት መርፌ ተከተሉ። ያንን ጥቅል ለሌላ ሥራ አትጀምሩት።